ራስ ምታቱ ከለቀቀ በኋላስ?

የዛሬውን የከተማ ሰው የሚያማርረው የኑሮ ውድነት ብቻ አይደለም፤ የልብ ዕረፍት ማጣትም ነው። ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር ነጋዴ፣ ከቢሮ ወንበሩ ላይ ሳይነሳ ልቡ የሚደልቅ ሠራተኛ፣ ፈተና በቀረበ ቁጥር ምግብ የሚዘጋው ተማሪ፣ ሁሉም ሕመሙን «ጭንቀት» በምትል አንዲት ቃል ይናገራል። ለዚህ ሕመም ፍቱን ነው የተባለ አንድ ነገር ደግሞ ከየአቅጣጫው ይቀርብለታል። እሱም ሜዲቴሽን፣ በአማርኛችን ተመስጦ የምንለው ነው። ሐኪሙ ይመክረዋል፤ ተንቀሳቃሽ ስልኩ ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን እንዲያዳምጥ ይጋብዘዋል፤ ጓደኛው ሞክሮት እንቅልፍ እንዳገኘበት ያጫውተዋል።

ሙስሊሙ ወጣት ይህን ሲሰማ ቀድሞ የሚመጣለት ጥያቄ «ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ኋላ እንመለስበታለን። ነገር ግን ከዚህ ባላነሰ ክብደት ሊነሳ የሚገባው፣ ብዙ ጊዜም የሚዘለል ሌላ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ ሰው ምላሱን ይዞ፣ አሳቡን ሰብስቦ ጸጥ ብሎ የሚቀመጠው ለምንድን ነው? ጭንቀቱ እንዲለቀው ብቻ ከሆነ፣ በለቀቀው ማግስት ምን ሊያደርግ ነው? ባይለቀውስ?

የነጋዴው ሕመም

ይህን ጥያቄ በራሱ ላይ ያየ አንድ ሰው ነበር። ሳትያ ናራያን ጎይንካ ይባላል። በ1924 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በበርማ፣ ማንዳላይ ከተማ ከሕንዳውያን ቤተሰብ ተወለደ። ሃይማኖቱ ሂንዱ፣ ሥራው ንግድ ነበር። ገና በወጣትነቱ ሀብትም ስምም አገኘ። ከሀብቱ ጋር ግን ማይግሬን የሚባለው ከባድ ራስ ምታት ተከተለው። ሕመሙ በጠናበት ጊዜ ሐኪሞች ሞርፊን ይወጉት ስለነበር መድኃኒቱ ራሱ ሱስ እንዳይሆንበት ተሰጋ። ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካና ወደ ጃፓን እየሄደ ታከመ፤ አልተሻለውም።

በ1955 በወዳጅ ምክር ኡ ባ ኺን ወደሚባል የተመስጦ መምህር ሄደ። ይህ መምህር መነኩሴ አልነበረም። በርማ በ1948 ነፃ ስትወጣ የአገሪቱ ዋና የሒሳብ ሹም ሆኖ የተሾመ፣ ከቢሮ ሥራው ጎን ለጎን ተመስጦን የሚያስተምር የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ጎይንካ ችግሩን አስረዳው። የመምህሩ መልስ ግን ያልተጠበቀ ሆነ። የመጣኸው የሥጋ ሕመምህን ለማስለቀቅ ከሆነ አልቀበልህም አለው። ትምህርቱ የሰውን ልብ ከክፋቱ ለማጥራት የተዘጋጀ ነው፤ ራስ ምታቱ ቢለቅ እግረ መንገዱን የሚለቅ ይሆናል፤ እሱን ዓላማ ካደረግከው ግን ትምህርቱን ታሳንሰዋለህ። የመልሱ ፍሬ ነገር ይህ ነበር።

ጎይንካ ወዲያው እሺ አላለም። ሂንዱ በመሆኑ ከቡድሃ ሃይማኖት ሰዎች ዘንድ መማር እምነቱን የሚያስለቅቀው መስሎት ወራት አመነታ። በመጨረሻ ገብቶ ዐሥሩን ቀን ተማረ። ራስ ምታቱ ለቀቀው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ለራስ ምታት የመጣ ሰው ራስ ምታቱ ሲለቀው መሄድ ነበረበት። እሱ ግን ዐሥራ አራት ዓመት ከመምህሩ ሥር ቆየ። በ1969 ወደ ሕንድ ተሻግሮ እስከሞተበት እስከ 2013 ድረስ አስተማረ። ተማሪዎቹንም ክፍያ አይጠይቅም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ወደዚያ ትምህርት የሚገባ ሰው ዓይኑን ከመጨፈኑ በፊት አምስት ነገሮችን ለመተው ቃል ይገባል። ነፍስ ላለማጥፋት፣ ላለመስረቅ፣ ላለመዋሸት፣ ከዝሙት ለመራቅና አስካሪ ነገር ላለመንካት ነው። እኛ የቡድሃ ሃይማኖት ተከታዮች አይደለንም፤ ስለ ፈጣሪና ስለ መጪው ዓለም የሚሉትንም አንቀበልም። ቅደም ተከተሉን ግን እናስተውል። በዚያ ሥርዓት ምግባር ይቀድማል፣ ጸጥታው ይከተላል። እየሰረቀ የሚመሰጥ ሰው በአባቶቹ መንገድ አልተጓዘም ማለት ነው።

ሆስፒታሉ የወሰደውና የተወው

ጎይንካ ከመምህሩ ጋር ከተገናኘ ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በዉስተር ከተማ ሌላ በር ተከፈተ። ጆን ካባት-ዚን የተባለ የሥነ ሕይወት ምሁር በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ውስጥ የጥቂት ሳምንታት ትምህርት ጀመረ። ሰዎቹ ሕክምናው ከዚህ በላይ ሊረዳቸው ያልቻለ፣ የቆየ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ካባት-ዚን ከቡድሃ ሃይማኖት የተማረውን ተመስጦ ሃይማኖታዊ ቃላቱን አውጥቶ፣ ትንፋሽን መከታተልንና የሰውነትን ስሜት ማስተዋልን አስቀርቶ አስተማራቸው። ኡ ባ ኺን «ለሕመም ከመጣህ አልቀበልህም» ሲል፣ ሆስፒታሉ «ለሕመም የመጣህ ግባ» አለ ማለት ነው።

ማን ልክ ነው? በችኮላ መፍረድ አይገባም። የታመመን ሰው ማሳረፍ ትልቅ ሥራ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕመም ሲይዘን እንድንታከም መምከራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ዘዴው ይሠራል ወይ ለሚለውም መጠነኛ መልስ አለ። በ2014 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ3,500 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 47 ሙከራዎች አንድ ላይ መርምረው ነበር። ተመስጦ ለጭንቀት፣ ለድብርትና ለሕመም ስሜት መጠነኛ ጥቅም እንዳለው ደረሱበት። ከመድኃኒትና ከአካል እንቅስቃሴ የሚበልጥ ሆኖ ግን አላገኙትም። እንግዲህ ነገሩ እንደሚወራለት ተአምር አይደለም፤ እንደሚናቅበትም ከንቱ አይደለም።

ሆስፒታሉ የተወው ግን ከላይ ያየነውን ቅድመ ሁኔታ ነው። ታማሚን «መጀመሪያ አትስረቅ» ብሎ መቀበል የሐኪም ሥራ ስላልሆነ በሆስፒታል ውስጥ ይህ ነውር የለበትም። ዘዴው ከሆስፒታሉ ወጥቶ በየኩባንያው፣ በየጦር ሠፈሩና በየስልኩ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሠራተኞቹን ከአቅም በላይ የሚያሠራ ድርጅት የሥራውን ጫና ከመቀነስ ይልቅ የትንፋሽ ትምህርት ቢያዘጋጅላቸው ምን እያላቸው ነው? «ጥፋቱ ከእኔ ሳይሆን ካንተ አእምሮ ነው» እያላቸው አይደለምን? ሮናልድ ፐርሰር የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ2019 ባሳተመው መጽሐፍ አጥብቆ የተቸው ይህንን ነው።

ጸጥታ ለማን ያገለግላል?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ አለ እንበል። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፤ ልቡ ይመታል፤ ያጎደለባቸው ሰዎች ፊት ይመጣበታል። ይህ ሰው የአተነፋፈስ ዘዴ ተምሮ በሰላም መተኛት ቢጀምርና ሚዛኑ ግን እንደ ጎደለ ቢቀር፣ ተጠቀመ ወይስ ተጎዳ? ሕሊናው በሩን እያንኳኳ ነበር። እሱ ግን በሩን ከመክፈት ይልቅ ጆሮውን ደፈነ። ጭንቀቱ ከቀሩት ወዳጆች ሁሉ ታማኙ ነበር፤ እሱንም አባረረው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየሰፈራችን ከቀትር በኋላ ለጫት የሚቀመጠውን ሰው አሳብ ተመልከቱ። ሲመረቅን ዓለም ይሰፋለታል፣ ዕዳው ይቀልለታል፣ የተጣላውን ወንድሙን ይቅር ይላል፣ የልጆቹን ትምህርት ያቅዳል። ሲመሽ ምርቃናው ይወርዳል። ዕዳው እዚያው አለ፣ ወንድሙም አልተጠራም፣ ዕቅዱም የለም። ተመስጦ እንደ ጫት አካልን አይጎዳም። ሆኖም ከጸጥታው ስንነሳ የምንሠራው ነገር ካልተለወጠ፣ ያ ጸጥታ ከምርቃና በምን ይለያል?

ከዚህም የከፋ አለ። ብራያን ቪክቶሪያ የተባለ ሰው፣ ራሱ የዜን ቡድሃ ካህን ሆኖ፣ በ1997 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት ስመ ጥር የጃፓን የዜን መምህራን የአገራቸውን ወረራ እንዴት እንደደገፉ፣ የተመስጦውን እርጋታም ወታደሩ ሳያመነታ እንዲገድልና እንዲሞት ለማዘጋጀት እንዴት እንደተጠቀሙበት ያስረዳል። ጉዳዩ ብዙ ከተነጋገረበት በኋላ በ2001 ሚዮሺን-ጂ የተባለው የዜን ቅርንጫፍ ለጦርነቱ ስላደረገው ድጋፍ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። እነዚያ መምህራን ጀማሪ አልነበሩም፤ ዕድሜያቸውን በተመስጦ የፈጁ ነበሩ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም፣ ልባቸው አይደነግጥም። አለመደንገጣቸው ግን ደግ አላደረጋቸውም። እርጋታ እንደ ስለት ያለ ነገር ነው፤ ዳቦ ይቆርሳል፣ አንገትም ይቆርጣል። ለምን እንደሚውል ከእርጋታው ውስጥ አይገኝም፤ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

የባግዳዱ መምህር

ይህን ከኛ ወገን ከኢማም አል-ገዛሊ በላይ የሚያስረዳልን የለም። በ1091 በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ ዋና መምህር ሆነው ተሾሙ። በዘመኑ ከዚያ የበለጠ የዕውቀት ወንበር አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1095 ግን ምላሳቸው ተያዘ። ለተማሪዎቻቸው ቃል ሊያወጡ አልቻሉም። ምግብም ውኃም አልወርድ አላቸው። ሐኪሞች መርምረው ሕመሙ ከልብ የተነሳ መሆኑን፣ ልቡ ካልተፈወሰ መድኃኒት እንደማይሠራ ተናገሩ። ይህን የምናውቀው እሳቸው ራሳቸው ስለ ሕይወታቸው ከጻፉት ነው።

ኢማሙ በዚያ ሰዓት ዘዴ ሊፈልጉ ይችሉ ነበር። የሚያረጋጋ ነገር ወስደው፣ ጥቂት ቀን አርፈው ወደ ወንበራቸው መመለስ ይቻላል። እሳቸው ግን የጠየቁት ሌላ ጥያቄ ነበር። የማስተምረው ለማን ነው? መልሱን ሲያገኙት ደነገጡ። ንያቸው ለአላህ (ሱ.ወ.) የጠራ እንዳልነበረ፣ ይነዳቸው የነበረው ዝናና ክብር መሆኑን አዩ። ለቤተሰባቸው የሚበቃውን ትተው ሀብታቸውን አከፋፈሉና ከባግዳድ ወጡ። በደማስቆ ታላቁ መስጊድ ሚናራ ላይ እየወጡ፣ በሩን በላያቸው ላይ እየዘጉ ቀኑን በብቸኝነት ያሳልፉ ነበር። ከዐሥራ አንድ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ማስተማር ተመለሱ። ያው ሥራ ነው፤ ሰውየው ግን ያው አልነበሩም። ቀድሞ ክብር የሚገኝበትን ዕውቀት ያስተምሩ እንደነበር፣ አሁን ግን ክብርን መተው የሚገኝበትን እንደሚያስተምሩ ጽፈዋል።

ምላሳቸው የተያዘው እንዲያርፉ ብቻ ሳይሆን እንዲያዩ ነበር ማለት ይቻላል። ብቸኝነቱም ያገለገላቸው ለማየት ነው። ሙሐሰባ፣ ማለትም ነፍስን መተሳሰብ፣ ሙራቀባ፣ ማለትም አላህ እንደሚያየን አውቆ ልብን መጠበቅ፣ ተፈኩር፣ ማለትም ማስተንተን፣ በኢሕያእ መጽሐፋቸው ራሱን የቻለ ቦታ የያዙት በከንቱ አይደለም። ከሳቸውም በፊት በ857 ባግዳድ ውስጥ የሞቱት አል-ሐሪስ አል-ሙሐሲቢ «ሙሐሲቢ» የተባሉት በዚሁ ራስን በመተሳሰብ ነው። በረመዳን መጨረሻ ዐሥር ቀናት ኢዕቲካፍ የሚገባው ምእመንም፣ በወሎ ኸልዋ ይገቡ የነበሩ መሻይኾችም ከዚሁ ምንጭ የቀዱ ናቸው።

ሶላትም እንደ ክኒን?

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች «እኛ ሶላት አለን፤ ጭንቀትን ከማንም ሜዲቴሽን በላይ ያስወግዳል» ሲሉ ይሰማል። አሳባቸው ቅን ነው። በሶላት የሚያርፍ ልብ እንዳለ፣ ቀልብ በአላህ ዚክር እንደሚረጋ ቁርኣን ያስተምረናል። ነገር ግን እንጠንቀቅ። ሶላትን ከሜዲቴሽን ጋር ገበያ አውጥተን «የኛው ይበልጣል» ስንል፣ ሳናውቀው የገበያውን መለኪያ ተቀብለናል። መለኪያውም ዕረፍት ሆኗል።

በዚህ መለኪያ የሚሰግድ ሰው ሁለት አደጋ ይጠብቀዋል። ጭንቀቱ ሲለቀው ሶላቱ ይላላል፤ ምክንያቱም መድኃኒት የሚወሰደው እስኪድኑ ነው። ጭንቀቱ ሳይለቀው ሲቀር ደግሞ «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ ቦታ ያደርሳሉ። ለአላህ ብሎ የሚሰግድ ግን ዕረፍቱን ቢያገኝ ያመሰግናል፤ ባያገኝም ነገ በሰዓቱ ይቆማል። ዕረፍቱ ስጦታ ነው እንጂ ደመወዝ አይደለም። ኡ ባ ኺን ለጎይንካ የነገረው ነገር በራሱ እምነት ወሰን ውስጥ ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ሁሉም ጭንቀት የጥፋት ደወል አይደለም

ይህን ስንል ግን የተጨነቀውን ሁሉ ወንጀለኛ እንዳናደርግ። የቤት ኪራይ ደርሶባት መክፈል ያልቻለች እናት የምትጨነቀው ስለ በደለች ሳይሆን ገንዘብ ስለሌላት ነው። ለእሷ «ትንፋሽሽን አዳምጪ» ማለት ስድብ ሊሆን ይችላል። ግዴታው የጎረቤቷና የጀመዓው ነው። ያለ ምክንያት ልቡ የሚርድ፣ ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ሕይወቱን የጠላ ሰውም ታሟል፤ ቦታው ሐኪም ዘንድ ነው። «ኢማንህ ስለደከመ ነው» ብሎ መገሠጽ በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው። የመሰለል ነገር ሳይሆን የማስተዋል ነገር ነው። እንግዲህ ጭንቀት ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ከችግር፣ ከሕመም ወይም ከሕሊና። ብዙዎቻችን ዘንድ ሦስቱ ተደባልቀው ይኖራሉ። ጸጥ ብሎ የመቀመጥ የመጀመሪያው ጥቅም እነዚህን ለይቶ ማየት ነው።

ታዲያ ጀማሪው ምን ያድርግ?

አሁን ወደ ተውነው ጥያቄ እንመለስ። ትንፋሽ የማንም ሃይማኖት ንብረት አይደለም። ሐኪም ያዘዘውን የአተነፋፈስ ልምምድ ማድረግ ጀርባ ለሚያመው ሰው እንደሚታዘዝ እንቅስቃሴ ነው። ከሌላ አምልኮ ጋር የተሳሰረ ነገር ሲመጣ ግን መለየት ያስፈልጋል። ማሃሪሺ ማህሽ ዮጊ ያስፋፋው ተመስጦ ሃይማኖት አይደለም ተብሎ በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ግዛት ትምህርት ቤቶች ገብቶ ነበር። ትምህርቱ ሲሰጥ ግን ለመምህሩ መምህር በሳንስክሪት የሚዘመር የአክብሮት ሥርዓት ነበረው። ፍርድ ቤት በ1977፣ ይግባኝ ሰሚውም በ1979 ነገሩ ሃይማኖታዊ ነው ብለው ከትምህርት ቤቶቹ እንዲወጣ ወሰኑ። ዓለማዊ ፍርድ ቤት የለየውን ሙስሊም መለየት አያቅተውም። የማያውቁትን ቃል መደጋገም፣ ለፍጡር መስገድና መማለድ የኛ አይደለም፤ በዚህ ላይ የሚጠራጠር ዓሊሞችን ይጠይቅ።

ጀማሪው በጭንቀት ምክንያት መምጣቱ አያሳፍረውም። ጎይንካም የመጣው በራስ ምታት ነው። ሰው በሕመም በኩል ገብቶ ሌላ ነገር ማግኘቱ የተለመደ ነው። ከሱብሒ በኋላ ወይም ከመኝታ በፊት ዐሥር ደቂቃ ስልኩን አጥፍቶ ይቀመጥ። መጀመሪያ ልቡን ያሳርፍ፤ የተናወጠ ውኃ ፊት አያሳይምና። ከዚያ ግን እዚያው ላይ አያቁም። ዛሬ የማን ሐቅ በእጄ አለ? ማንን በምላሴ አቆሰልኩ? የምፈራው ምንድን ነው፤ ፍርሃቴስ ድህነት ነው፣ ሕመም ነው ወይስ የሠራሁት ሥራ? ብሎ ይጠይቅ። መልሱ አንዳንድ ቀን ዕረፍት ሳይሆን የባሰ ጭንቀት ሊያመጣ ይችላል። ያን ዕለት ተመስጦው ከሸፈ ብሎ እንዳይነሳ። ምናልባት መሥራት የጀመረው ያን ዕለት ነው።

መለኪያውም በሱ ደረት ውስጥ ያለው የልብ ምት ብቻ አይሁን። የቤት ሠራተኛዋ ጩኸቱ መቀነሱን ካየች፣ ደንበኛው ሚዛኑ መስተካከሉን ካወቀ፣ የተጣላው ወንድሙ በሩ ሲንኳኳ ከሰማ፣ ያ ጸጥታ ለሥራው ውሏል። ከነዚህ አንዱም ሳይኖር እሱ ብቻ ደህና የሚተኛ ከሆነ፣ ያገኘው የራስ ምታት ክኒን ነው። ክኒን አይናቅም፤ ራስ ምታቱን ያስታግሳል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ማን ሆኖ እንደሚነሳ ግን ክኒኑ አይነግረውም።

ወላሁ አዕለም።